ሐኪም ማምጣትና ሐኪም ማቆየት፦ እጥረት ላለበት አካባቢ የትኛው አማራጭ ይሻላል?

የሐኪም እጥረት ያለበት አካባቢ ኃላፊዎች ሲሰበሰቡ ውይይቱ አብዛኛውን ጊዜ ከቁጥር ይጀምራል። ስንት መደብ አለን፣ ስንቱ ክፍት ነው፣ ዘንድሮ ስንት ሐኪም ይመደብልን? ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ግን ከእሱ የሚቀድም ሌላ ጥያቄ አለ፦ የመጡልን ሐኪሞች የሄዱት መቼ ነው? ባለፉት አምስት ዓመታት የተቀጠሩትን ሐኪሞች የግል ማኅደር አውጥቶ፣ የገቡበትንና የለቀቁበትን ቀን፣ ከለቀቁ በኋላም የት እንደደረሱ በአንድ ወረቀት ላይ ማስፈር ከአንድ ሳምንት በላይ አይፈጅም። ወረቀቱ ሳይኖር አማራጭ መምረጥ በሽተኛውን ሳይመረምሩ መድኃኒት እንደማዘዝ ነው።

ወረቀቱ የሚያሳየው አብዛኛውን ጊዜ ከአራት ነገሮች አንዱን ነው። ተመድበው ጭራሹን ሪፖርት ያላደረጉ ይበዛሉ፤ ወይም መጥተው ዓመት ሳይሞላቸው የለቀቁ ይበዛሉ፤ ወይም ሁለት ሦስት ዓመት በደንብ ሠርተው ለስፔሻሊቲ ትምህርት እንደወጡ የቀሩ ይበዛሉ፤ ወይም ልጆቻቸው ለትምህርት ሲደርሱ የሄዱ ይበዛሉ። አራቱም በወሬ ደረጃ «ሐኪም አይቆይልንም» ተብለው ይጠቃለላሉ። መድኃኒታቸው ግን የተለያየ ነው፤ ለአንዱ የሚበጀው ለሌላው ገንዘብ ማባከኛ ይሆናል።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2010 ያወጣውና በ2021 ያደሰው (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) መመሪያ አማራጮቹን በአራት ይመድባቸዋል፦ ትምህርት፣ የሕግ ግዴታ፣ የገንዘብ ማበረታቻ፣ እንዲሁም የግልና የሙያ ድጋፍ። አንዱ ብቻውን ስለማይበቃ አጣምሩ ይላል፤ ትክክል ነው። በጀት ግን ውሱን ስለሆነ ሁሉም ሰው ከአንዱ መጀመሩ አይቀርም። ከየትኛው ይጀመር የሚለው ነው የዚህ ጽሑፍ ጉዳይ።

የግዴታ አገልግሎት

አዲስ ተመራቂን ለተወሰነ ጊዜ ሐኪም ወደሌለበት የመመደብ አሠራር ዕድሜው ረጅም ነው። ሜክሲኮ እ.ኤ.አ. በ1936 ጀመረችው። ደቡብ አፍሪካ ከ1998 ወዲህ ሐኪሞቿን አንድ ዓመት ታሠራለች። ታይላንድ ሦስት ዓመት ትጠይቃለች፤ ያቋረጠ 400,000 ባት ይቀጣል። ከሁሉም አማራጮች ፈጣኑ ይህ ነው፤ ውሳኔው በተላለፈበት ዓመት ሐኪም ይገኛል።

ችግሩ ቀስ ብሎ ይመጣል። አገልግሎቱ አንድ ዓመት ከሆነ የመጀመሪያዎቹ ወራት ሥራውን ለመልመድ፣ የመጨረሻዎቹ ደግሞ ቀጣዩን ቦታ ለማፈላለግ ያልቃሉ። ሆስፒታሉ ሁልጊዜ በጀማሪ እጅ ይሆናል። የስኳርና የደም ግፊት ታማሚው በየዓመቱ ታሪኩን ለአዲስ ሐኪም ከሀ ጀምሮ ይተርካል። ቅጣት መጨመርም የሚጠበቀውን ያህል አይረዳም፤ በታይላንድ በ1990ዎቹ የግል ሆስፒታሎች ሲስፋፉ ከገጠር የሚለቁት በርክተዋል። ገበያው ከፍ ካለ ቅጣቱ የመውጫ ክፍያ ከመሆን አያልፍም። ታይላንድም በቅጣቱ ብቻ አልቆመችም፤ በ1994 ከገጠር ተማሪ እየመለመለ ወደ ገጠር የሚመልስ ፕሮግራም ጨመረች።

ስለዚህ ግዴታ የሚመረጠው ወረቀቱ «ጭራሹን አይመጡም» ሲል ነው። ያኔም ቢሆን አንድ ቅድመ ሁኔታ አጥብቄ እጠይቃለሁ፦ ቢያንስ በስልክ የሚገኝ፣ ሲጠሩት የሚመጣ ሲኒየር (ልምድ ያለው ሐኪም) ይኑር። ከተመረቀ ሦስት ወር ያልሞላው ሐኪም በሌሊት ተረኝነት ላይ ብቻውን ሆኖ ከወሊድ በኋላ ደም የሚፈሳት እናት ብትመጣበትና ብትሞትበት፣ ያ ሐኪም አካባቢውን ብቻ ሳይሆን የገጠር ሥራን ለዘለዓለም ይጠላል። ሸክሙ የሥርዓቱ ሆኖ ሳለ በእሱ ላይ መጫኑ ግፍ ነው። ለእናትየውማ የሚባል የለም።

በውል የሚያስተምር ስፖንሰርሺፕ

ከግዴታ የሚለየው ሁሉንም ሳይሆን ፈቅዶ የፈረመውን ብቻ ማሰሩ ነው። በሰፊው የሚታወቀው ምሳሌ እ.ኤ.አ. በ1972 የተመሠረተው የጃፓኑ ጂቺ የሕክምና ዩኒቨርሲቲ ነው። ከአገሪቱ 47 ክፍለ ግዛቶች ከእያንዳንዱ በየዓመቱ ሁለት ወይም ሦስት ተማሪ ይቀበላል፤ የትምህርት ክፍያ የለም። ተመራቂው በመጣበት ክፍለ ግዛት 9 ዓመት ይሠራል፣ ግማሽ ያህሉን በገጠር። ካልሠራ ወጪውን ከነወለዱ በአንድ ጊዜ ይመልሳል። ውሉን የሚያፈርሱት እጅግ ጥቂት ናቸው፤ ግዴታቸውን ከጨረሱ በኋላም አብዛኞቹ በመጡበት ክፍለ ግዛት ይቀራሉ። በጀርመን የኖርድራይን ቬስትፋለን ግዛትም ከ2019 ጀምሮ ተመሳሳይ መንገድ ይዛለች፦ በልዩ ኮታ የሕክምና ትምህርት ቤት የገባ ሰው ሥልጠናውን ሲጨርስ ሐኪም ባነሰበት አካባቢ 10 ዓመት ለመሥራት ይፈርማል፤ ካፈረሰ ቅጣቱ እስከ 250,000 ዩሮ ይደርሳል።

ጂቺን ያሠራው ቅጣቱ ብቻ አይመስለኝም። ሐኪሙ የሚመለሰው ወዳደገበት ነው፤ እዚያ ሲደርስም ከእሱ በፊት የተመረቁ ታላላቆቹ ይቀበሉታል። በዘጠኙ ዓመታት ውስጥም ተጨማሪ ሥልጠና የሚያገኝበት ጊዜ ተቆርጦለታል። ቅጣቱን ገልብጦ እነዚህን የተወ አካባቢ የጂቺን ውጤት ሊጠብቅ አይገባም።

ሌላው መታየት ያለበት ፊርማው የሚፈረምበት ዕድሜ ነው። በ18 ዓመቱ የፈረመ ልጅ ከአሥር ዓመት በኋላ ማንን እንደሚያገባ፣ የትኛውን የሕክምና ዘርፍ እንደሚወድ አያውቅም። ተመርቆ፣ ኑሮውን ለክቶ የሚፈርም ግን የሚፈርመውን ያውቃል። በአሜሪካ ለተማሪዎች ከሚሰጥ የስኮላርሺፕ ውል ይልቅ፣ የተመረቀ ሐኪም የትምህርት ዕዳው እየተከፈለለት የሚገባበት ውል ሐኪሞችን በተሻለ ሁኔታ አቆይቷል። በጀቱ ለሁለቱም የማይበቃ አካባቢ፣ ሐኪሞቹ የትምህርት ዕዳ ያለባቸው ከሆኑ፣ ሁለተኛውን ቢያስቀድም እመርጣለሁ፤ ውጤቱም በስምንት ዓመት ሳይሆን በአንድ ዓመት ይታያል።

ማንን እናስተምር? የት እናስተምር?

ረጅም ጊዜ ለሚያስብ አካባቢ ከዚህ የበለጠ አማራጭ አላውቅም። ከገጠር የወጣ ሐኪም ገጠር የመሥራት ዕድሉ ከሌላው እንደሚበልጥ በብዙ አገሮች ተደጋግሞ ታይቷል። በአሜሪካ ፊላደልፊያ የሚገኘው የጀፈርሰን ሕክምና ኮሌጅ ከ1974 ጀምሮ የገጠር ልጅ መሆንን ብቻ ሳይሆን በገጠር የቤተሰብ ሐኪም ሆኖ ለመሥራት ማሰብን ጭምር መስፈርት አድርጎ ተማሪ ሲመርጥ ቆይቷል፤ የእነዚህ ተመራቂዎች የገጠር ድርሻ ከክፍል ጓደኞቻቸው በብዙ የላቀ ነው። ሁለቱ መስፈርቶች አብረው መታየታቸው ቁም ነገር ነው። ገጠር ተወልዶ ከገጠር ለማምለጥ ሲል ሐኪም የሆነም አለና።

ደፋሩ ምሳሌ ከፊሊፒንስ ነው። በሌይቴ ደሴት እ.ኤ.አ. በ1976 የተከፈተ የጤና ሳይንስ ትምህርት ቤት ተማሪውን የሚመርጠው በራሱ ማኅበረሰብ ጥቆማ ነው። ተማሪው በአዋላጅነት ሠልጥኖ ወደ ማኅበረሰቡ ተመልሶ ይሠራል፤ ጥሩ ከሠራና ማኅበረሰቡ ከደገፈው ወደ ነርስነት፣ ቀጥሎም ወደ ሐኪምነት ያድጋል። በየደረጃው መመለስ ስላለ፣ ሐኪም በሆነበት ቀን ለአካባቢው እንግዳ አይደለም።

የዚህ መንገድ ፈተና የመግቢያ ነጥብ ነው። ላቦራቶሪ በሌለው ትምህርት ቤት የተማረ ልጅ በፈተና ዝቅ ሊል ይችላል። ለእሱ በሩን ከፍቶ በመጀመሪያው ዓመት ያለ ድጋፍ መተው ጭካኔ ነው፤ ልጁ ይወድቃል፣ ፕሮግራሙም «ደረጃ አወረደ» ይባላል። የማጠናከሪያ ትምህርትና አማካሪ መምህር ከኮታው ጋር በአንድ በጀት ሊያዙ ይገባል።

የት ይማሩ የሚለውም ማን ይማር ከሚለው አያንስም። የአሜሪካው የሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ ከ1971 ጀምሮ ፈቃደኛ የሦስተኛ ዓመት ተማሪዎችን ለዘጠኝ ወር በአንድ የገጠር ከተማ ያስቀምጣል። በካናዳ በ2005 የተከፈተው የሰሜን ኦንታሪዮ ሕክምና ትምህርት ቤት ደግሞ ተማሪዎቹን ሁሉ በሦስተኛ ዓመታቸው ለስምንት ወር በትናንሽ ከተሞች ያስተምራል። ስምንትና ዘጠኝ ወር የቆየ ተማሪ እርጉዟን ከክትትሏ እስከ ወሊዷ ያያታል። ሲቲ ስካን ሳይኖር በእጅና በጆሮ መመርመርን ይለምዳል። ሐኪሙ ከሥራ ሰዓት ውጭ እንዴት እንደሚኖር፣ ቤተሰቡ ምን እንደሚመስል ያያል። ብዙ ተመራቂ ትንሽ ከተማን የሚፈራው ስለማያውቃት ነው።

አዲስ ትምህርት ቤት መክፈት ሐኪም እስኪያወጣ ቢያንስ ስምንት ዓመት ይወስዳል። ግን ቀድሞ ላለ ትምህርት ቤት ተማሪዎች ወይም ለኢንተርኖች (ለተግባር ልምምድ ሆስፒታል ለገቡ ጀማሪዎች) የሁለት ወር ልምምድ በአካባቢው ሆስፒታል ማዘጋጀት በሚቀጥለው ዓመት ይቻላል። የሚያስፈልገው የሚያድሩበት ንጹሕ ቤት፣ የሚሠራ ኢንተርኔት፣ ለማስተማር ሰዓት የተቆረጠለትና ለማስተማሩም የሚከፈለው ሲኒየር ነው። ሦስተኛው እየተረሳ ብዙ ልምምድ ከሽፏል። ሰማንያ በሽተኛ የሚያይ ሐኪም ላይ ስድስት ተማሪ መጨመር ሐኪሙን እንዲለቅ መገፋፋት ነው።

የስፔሻሊቲ ጉዳይ

አዲስ ሐኪም አብዛኛውን ጊዜ ስፔሻሊስት መሆን ይፈልጋል። ይህን እንደ ክህደት የሚያዩ ኃላፊዎች አሉ፤ ትልቅ ስሕተት ይመስለኛል። የሙያ ዕድገት መፈለግ በሽተኛን በተሻለ ለማከም መፈለግም ነው። ጥያቄው ፍላጎቱ አካባቢውን ባለፈ መንገድ ይሂድ ወይስ በአካባቢው በኩል ይለፍ የሚለው ነው።

ሲሞከሩ የማያቸው መንገዶች አራት ናቸው። አንደኛው መልቀቂያ መከልከል ነው። መልቀቂያ የተከለከለ ሐኪም ይቆያል ማለት አይደለም፤ አንድ ቀን ያለ ደብዳቤ ይጠፋል፣ ጓደኞቹም ወደዚያ ሆስፒታል እንዳይሄዱ ይመክራል። ሁለተኛው ተመልሶ ሊሠራ አስፈርሞ ወደ ሩቅ ከተማ መላክ ነው። ሦስት አራት ዓመት እዚያ የኖረ ሰው እዚያ ያገባል፣ እዚያ ይታወቃል፣ እዚያ የሥራ ጥሪ ይደርሰዋል። ሦስተኛው ሐኪም ባነሰበት ያገለገለ በሬዚደንሲ (በሆስፒታል እየሠሩ በሚወሰድ የስፔሻሊቲ ሥልጠና) ምርጫ ቅድሚያ እንዲያገኝ ማድረግ ነው። ጥሩ ነው፤ ወጪም የለውም፤ ግን ሐኪሙን የሚያመጣው ለአገልግሎቱ ዓመታት ነው፣ ከዚያ በኋላ አያቆየውም።

አራተኛው ሬዚደንሲውን ራሱን ወደ አካባቢው ማምጣት ነው። የጋና ልምድ እዚህ ላይ ይጠቀሳል። በፊት የማኅፀንና ጽንስ ስፔሻሊስት ለመሆን ወደ ውጭ ይወጡ ከነበሩት ሐኪሞች አብዛኞቹ አልተመለሱም። እ.ኤ.አ. በ1989 ሥልጠናው ከሚሺጋን ዩኒቨርሲቲና ከሌሎች አጋሮች ጋር በመተባበር በአገር ውስጥ ተጀመረ። እስከ 2006 ድረስ ካጠናቀቁት 38 ስፔሻሊስቶች 37ቱ በአገራቸው ሲሠሩ ተገኙ። በአሜሪካም ሬዚደንሲያቸውን ከጨረሱ ሐኪሞች ከግማሽ በላይ በተማሩበት ግዛት ይሠራሉ፤ ከቤተሰብ ሐኪሞች ግማሽ የሚበልጡት ከሠለጠኑበት በ160 ኪሎ ሜትር ዙሪያ ውስጥ ናቸው። ሐኪምን ከቦታው ጋር ይህን ያህል የሚያስተሳስር ሌላ የሥልጠና ደረጃ የለም። የሬዚደንሲ ዓመታት ሰው ትዳር የሚመሠርትባቸው፣ ልጅ የሚወልድባቸው፣ ስሙ የሚታወቅባቸው ዓመታት ናቸውና።

ይህ ማለት ግን እያንዳንዱ ሆስፒታል ሁሉንም ዘርፍ ይክፈት ማለት አይደለም። በቂ ሲኒየርና በቂ የበሽተኛ ብዛት የሌለበት ሬዚደንሲ ርካሽ የተረኝነት ጉልበት ከማግኘት አያልፍም፤ የተታለለ ሬዚደንትም በጨረሰ ማግስት ይሄዳል። መነሻው በቤተሰብ ሕክምና፣ በውስጥ ደዌ፣ በቀዶ ሕክምና ወይም በማኅፀንና ጽንስ ቢሆን፣ የጎደለው ልምምድ ደግሞ በትልቁ ሆስፒታል በተወሰኑ ወራት ቢሟላ ይሻላል። የአውስትራሊያዋ ኩዊንስላንድ ደግሞ ሌላ መንገድ አሳይታለች፦ ጠቅላላ ሐኪሙን በማዋለድ፣ በማደንዘዣ ወይም በሌላ ዘርፍ ተጨማሪ ክህሎት አሠልጥና ለሥልጠናው የሚመጥን ዕውቅናና ደመወዝ ሰጠችው። በትንሽ ሆስፒታል የሚያስፈልገውም እንዲህ ያለ ሐኪም ነው።

ገንዘብ

ዛምቢያ እ.ኤ.አ. በ2003 ለገጠር ሐኪሞች የጀመረችው የማቆያ ዕቅድ የሦስት ዓመት ውል፣ ወርሃዊ ተጨማሪ ክፍያ፣ የልጆች የትምህርት ቤት ድጋፍ፣ ብድርና የከፍተኛ ትምህርት ዕድልን አንድ ላይ ያቀረበ ነበር። ጥበቡ በጥቅሉ ላይ ነው፤ የልጆችን ትምህርት ማየቱ በተለይ ልጆቻቸው ለትምህርት ሲደርሱ የሚሄዱትን ለማቆየት ነው።

ደመወዝ ብቻውን ሲጨመር ግን የከተማ የግል ሆስፒታል ነገ በላዩ ይጨምራል። ከጭማሪው በፊት የሚቀድም ሥራ አለ፦ የተረኝነት ክፍያ በወሩ መከፈሉ። የስድስት ወር ውዝፍ ያለበት ሆስፒታል አዲስ ማበረታቻ ቢያውጅ የሚያምነው የለም። ሐኪም የሚለቀው ገንዘቡ ስላነሰ ብቻ አይደለም፤ የሠራበትን ለማግኘት ከቢሮ ቢሮ መመላለስ ክብሩን ስለሚነካም ነው። ቤት መስጠትም እንደዚሁ ነው፤ ውኃ የሌለው የሐኪም ቤት በበጀት ሰነድ ላይ ማበረታቻ ይባላል፣ ሲኖሩበት ግን ማባረሪያ ነው።

እጥረቱ እስኪቃለል

ከውጭ ሐኪም ማምጣት ክፍተትን በፍጥነት ይሞላል። ብራዚል በ2013 በጀመረችው ፕሮግራም በሺዎች የሚቆጠሩ የኩባ ሐኪሞችን ሩቅ አካባቢዎች አድርሳለች፤ በ2018 መጨረሻ የሁለቱ መንግሥታት ግንኙነት ሲሻክር ግን ከ8,000 በላይ ሐኪሞች በአጭር ጊዜ ወጡ። በሌላ አገር ውሳኔ ሊቋረጥ የሚችል ነገር ድልድይ እንጂ መሠረት አይሆንም። ከራሱ የባሰ እጥረት ካለበት አገር መመልመልንም የዓለም ጤና ድርጅት የ2010 የምልመላ ደንብ ይነቅፋል።

የሐኪምን ሥራ ለሌላ ባለሙያ ማካፈል የበለጠ ይጸናል። ሞዛምቢክ ከ1984 ጀምሮ ሐኪም ያልሆኑ የቀዶ ሕክምና ባለሙያዎችን ታሠለጥናለች። ከተመረቁ ከሰባት ዓመት በኋላ ሲጠና ወደ ወረዳ ሆስፒታል ከተመደቡት ከእነዚህ ባለሙያዎች 88 በመቶው እዚያው ነበሩ፤ ከተመደቡት ሐኪሞች ግን አንድም አልቀረም። ቁጥሩ ሐኪሞችን ለመውቀስ አይደለም። ቀዶ ሕክምና የሚችል ባልደረባ ያለበት ሆስፒታል ለጀማሪው ሐኪምም ተረኝነቱን ያቀልለታል፤ ሁለቱ አማራጮች የሚደጋገፉ ናቸው።

የርቀት ምክክርም እንዲሁ ነው። የአሜሪካው የኒው ሜክሲኮ ዩኒቨርሲቲ ከ2003 ጀምሮ ስፔሻሊስቶችን ከገጠር ሐኪሞች ጋር በየሳምንቱ በቪዲዮ እያገናኘ የሄፓታይተስ ሲ ሕክምናን ሲያስተምር፣ የገጠሮቹ ሐኪሞች ውጤት ከዩኒቨርሲቲው ክሊኒክ አላነሰም። ለአዲስ ሐኪም ትልቁ ጥቅም ብቸኝነቱን መቀነሱ ነው።

ወደ ወረቀቱ ስንመለስ

ጭራሹን የማይመጡ ከሆነ፣ አጭር ግዴታን ከተመረቁ በኋላ ከሚፈረም የዕዳ ክፍያ ወይም የማበረታቻ ውል ጋር አጣምሩ፤ የተማሪዎች ልምምድም ጀምሩ። በመጀመሪያው ዓመት የሚለቁ ከሆነ ደግሞ ችግሩ ምልመላ አይደለምና አዲስ ሐኪም ከመጠየቅ በፊት ሲኒየር፣ ውዝፍ ክፍያና ቤት ይስተካከሉ። ያኔ አዲስ ምደባ መጠየቅ ሌላ ወጣት ሐኪም መጉዳት ነው። ለስፔሻሊቲ ወጥተው የሚቀሩ ከሆነ ገንዘቡ ሁሉ ሬዚደንሲ ወደ ማምጣት ቢሄድ አይቆጭም። በልጆች ምክንያት የሚሄዱ ከሆነ ጉዳዩ ከጤና ቢሮው አልፎ የትምህርት ቢሮውና የከተማው አስተዳደር ነው። ትዳር ያለው ሐኪም ሲቀጠር የባለቤቱ ሥራም አብሮ መታየት አለበት። ያላችሁበት ሁኔታ የትኛውም ቢሆን ደግሞ ከአካባቢው ልጆች መመልመል ዛሬውኑ ይጀመር፤ በዘገየ ቁጥር የስምንት ዓመቱ ቆጠራ ይዘገያል።

ማኅደሩ የማይነግራችሁ አንድ ነገር ይቀራል። ሁሉም ሲሄዱ አምስትና ስድስት ዓመት የቆየ አንድ ሁለት ሐኪም በየሆስፒታሉ አይጠፋም። ስብሰባ ላይ ሳይሆን ለብቻው አግኝታችሁ፣ ምን አቆየህ፣ ልትለቅ ያሰብክበት ቀንስ የትኛው ነበር፣ ብላችሁ ጠይቁት። የሚመልስላችሁን ጻፉና በሚቀጥለው ዓመት በጀት ውስጥ አስገቡት።